የፋይንስኬል ባቡር ሞዴል ኤግዚቢሽን ላይ ምን ልይ? ለአንድ የድሬዳዋ ልጅ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት ምድር ባቡር ነው። እኔ አሁን የምኖረው እንግሊዝ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ‹ፋይንስኬል› የሚባል የባቡር ሞዴል ኤግዚቢሽን አብረን እንሂድ አለኝ። የ12 ዓመት ልጄንም ልወስደው አስቤያለሁ። ግን ስለ ነገሩ ምንም አላውቅም። ከሱቅ ከሚገዛው ባቡር በምን ይለያል? እዚያ ስንደርስ ምን እንይ? ምንስ እንጠይቅ? የኛን የለገሃሩን ባቡርስ እንደዚያ አድርጎ መሥራት ይቻላል?»

ምላሽ፦

ይሂዱ፤ ልጅዎንም ይውሰዱት። የምድር ባቡር ሠራተኛ ቤት ያደገ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንግዳ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ ዓይንዎ በራሱ ጊዜ የሚንቀሳቀሰውን ባቡር ይከተላል። ባቡሩን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ሐዲዱን ይዩ። የፋይንስኬል ሰዎች፣ ማለትም ሞዴሉን ከነሐዲዱ በእውነተኛው ልክ አሳንሰው ለመሥራት የሚጥሩት፣ ከሌላው የሚለዩት እዚያ ነው። ልፋታቸውም ያለው እዚያ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው የባቡር ሞዴል ኦኦ ይባላል። ሆርንቢና ባክማን የሚታወቁት በዚህ ነው። ስኬሉ 1 ለ76.2 ነው። እውነተኛው ባቡር ላይ አንድ ጫማ የሆነው ነገር ሞዴሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አሁን ሐዲዱን እናስላ። እውነተኛው የእንግሊዝ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ለ76.2 ሲያካፍሉት 18.83 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የኦኦ ሐዲድ ግን 16.5 ብቻ ነው። መልሰው ቢያባዙት 1257 ይሆናል። ባቡሩ በልኩ ተሠርቶ ሐዲዱ ግን 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጠቧል። ከጎን ሲያዩት አይታወቅም። ከፊት ለፊት ሲያዩት ግን ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ሎኮሞቲቩ ከላይ ገዝፎ ይታያል።

ለምን እንዲህ ሆነ? በ1920ዎቹ ጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ለገበያ ሲወጣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ተደረገ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1 ለ87 ስኬል ይህ ልክ ነው። አውሮፓ ውስጥ የተስፋፋው ኤችኦ የሚባለው እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ ነው። የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ግን ከአውሮፓዎቹ ጠበብ፣ አጠር ያሉ ናቸው። የዚያን ዘመን ሞተር በ1 ለ87 በተሠራ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ አልገባ አለ። ስለዚህ አካሉን ብቻ አሳደጉት፤ ሐዲዱ ባለበት ቀረ። ሆርንቢ ደብሎ በ1938 ሲወጣ በዚሁ ልክ ወጣ። አገሩ ሁሉ ለመደው፤ እስካሁንም አለ።

እርስዎ የሚሄዱበትን ዓይነት ኤግዚቢሽን የፈጠሩት ይህንን አንቀበልም ያሉ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ሐዲዱን ወደ 18 ሚሊ ሜትር አሰፉት፤ በኋላ 18.2 ሆነ። ይህ ኢኤም ይባላል። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1955 ነው። ሌሎች ደግሞ በ1960ዎቹ፣ ከተነካ አይቀር ልኩን እንሥራ ብለው 18.83 ላይ ደረሱ። ይህኛው ፒ4 ይባላል፤ ስኬልፎር የሚባለው ማኅበር የነሱ ነው። በሌላውም መጠን ያው ነው። በ2 ሚሊ ሜትር ስኬል የሚሠሩት የሱቁን 9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ትተው 9.42 ይጠቀማሉ። በ7 ሚሊ ሜትር ስኬል ከተለመደው 32 ይልቅ 33 የመረጡ አሉ።

ኢኤምን ከፒ4 የሚለየው 0.63 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ምን ያጣላል ይሉ ይሆናል። በኔ ዓይን ኢኤም ይበቃል፤ የምሠራውም በሱ ነው። ግን ጥሩ የፒ4 ሐዲድ ጎንበስ ብዬ ባየሁ ቁጥር ሰዎቹ ችክ ያሉት በምክንያት እንደሆነ ይገባኛል። እርስዎም አይተው የራስዎን ይፍረዱ። ባልደረባዎ የየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድመው ቢጠይቁት ደግሞ መንገዱን ሙሉ የምታወሩት ነገር አገኛችሁ።

አሁን ዝቅ ይበሉና ዓይንዎን ከሐዲዱ ጋር እኩል ያድርጉ። የድሮው የእንግሊዝ ሐዲድ ከታች ጠፍጣፋ እግር የለውም። ከላይም ከታችም ድቡልቡል ስለሆነ በራሱ መቆም አይችልም። ስለዚህ በየእንጨቱ ላይ ከቀለጠ ብረት የተሠራ ወንበር ይታሰራል። ሐዲዱ ወንበሩ ውስጥ ይገባል፤ ከጎኑ የእንጨት ሽብልቅ ይመታበትና ይጠብቃል። ሞዴሉ ላይ ይህ ወንበር 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጥንቃቄ በተሠራ ሐዲድ ላይ የብሎኖቹን ራስ፣ የሽብልቁን ጫፍ ሁሉ ያዩታል። ሽብልቆቹ የተመቱበት አቅጣጫ እንኳ የራሱ ደንብ አለው። ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ የሚመቱት ባቡሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሠሪው ይህንንም ጠብቆ ከሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፊት ቆመዋል።

እንጨቶቹንም ይቁጠሩ። በእንግሊዝ ደንብ ከአንዱ እንጨት እስከ ሌላው ያለው ርቀት በ4 ሚሊ ሜትር ስኬል 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ሐዲድ ወደ 100 እንጨት አለው። እያንዳንዱ እንጨት ላይ ሁለት ወንበር አለ። ብዙ የፋይንስኬል ሰው እነዚህን አንድ በአንድ በወረንጦ እያነሳ ነው የሚለጥፋቸው። ከሱቅ ሲገዛ የኖረው ሐዲድ በአብዛኛው እንጨቶቹ አጠር ያሉና የተቀራረቡ ነበሩ፤ ለ1 ለ87 የታሰቡ ስለሆኑ። ልዩነቱን አንዴ ካዩት በኋላ ዓይንዎ ራሱ ይፈልገዋል።

ከዚያ ሐዲዱ ሁለት ወደሚሆንበት መገንጠያ ይሂዱ። ሁለቱ ሐዲዶች የሚቆራረጡበት ቦታ ላይ ክፍተት አለ። የጎማው ከንፈር፣ ማለትም ጎማው ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው የውስጥ ጠርዝ፣ የሚያልፈው በዚያ ነው። እውነተኛው ሐዲድ ላይ ክፍተቱ 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በልኩ ሲያሳንሱት 0.58 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በኢኤም 1 ሚሊ ሜትር ነው። የሱቁ ሐዲድ ከዚህም ይሰፋል፤ ስለዚህ ጎማው ሲያልፍ ጉድጓድ እንደገባ ዝቅ ብሎ ብድግ ይላል። በጥሩ እጅ በተሠራ መገንጠያ ላይ ግን ፉርጎው ምንም ሳይነቃነቅ ይፈሳል። አንድ ረጅም የጭነት ባቡር በመገንጠያ ሲያልፍ ከመጀመሪያው ፉርጎ እስከ መጨረሻው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ይከተሉት። አንዱም ካልዘለለ ያ ጠረጴዛ ረጅም ጊዜ ቢቆሙበት አያስቆጭም።

የፒ4 የጎማ ከንፈር ጥልቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሐዲዱ ትንሽ ከጎረበጠ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል፤ ፉርጎውም ከሐዲዱ ይወጣል። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አላቸው። አንዱ እንደ እውነተኛው ባቡር ጎማዎቹን ስፕሪንግ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሌላው አንዱን አክሰል አጥብቆ ሌላውን መሃሉ ላይ ብቻ አስደግፎ እንዲወዛወዝ መተው ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ምንም ቢጎረብጥ አይወላገድም። ፉርጎውም እንደዚያው በሦስት ነጥብ ይቆማል፤ አራቱም ጎማ ሐዲዱን ይነካል። ይህ ሁሉ ያለው ከስር ስለሆነ ቆሞ ለሚያይ አይታይም። ሠሪውን «ከስሩ ምን ዓይነት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ትርፍ ፉርጎ አጠገቡ ካለ ደስ ብሎት ገልብጦ ያሳይዎታል።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ነው። ይህንን ለልጅዎ ይስጡት፤ በስልኩ ሰዓት መለካት ይችላል። የጭነት ባቡር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በ1 ለ76 ሞዴል ላይ በሴኮንድ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የሚያቀያይር ሎኮሞቲቭ በሰው እርምጃ ፍጥነት ቢሄድ በሴኮንድ 2 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። አንድ ሜትር ለመጨረስ ደቂቃ ሊሞላው ይደርሳል። ሳይንገጫገጭ እንዲህ ቀስ ብሎ መሄድ ቀላል አይምሰልዎ። ሞተሩ ጥሩ መሆን አለበት፤ ማርሹ በትክክል መነካከስ አለበት። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በሐዲዱ በኩል ስለሆነ ጎማውም ሐዲዱም ንጹሕ መሆን አለበት። ትንሽ ቆሻሻ ታቆመዋለች። ሠሪዎቹ በየመሃሉ ሐዲድ ሲያጸዱ ቢያዩ አይገረሙ፤ የሥራው አካል ነው።

ተራ ኤግዚቢሽን ላይ ሰው እንዳይሰለች ተብሎ ባቡር ባቡርን ተከትሎ ይመጣል። ፋይንስኬል ላይ ግን ደቂቃዎች አልፈው ምንም ላይመጣ ይችላል። ብዙ ጎብኚ «ምንም የሚሄድ ነገር የለም» ብሎ ጥሎ የሚያልፈው ያኔ ነው። አይለፉ። ደወል ካለ ያዳምጡ።

አንዳንድ ሌይአውት ላይ (የተሠራውን ቦታ በሙሉ፣ ከነሐዲዱ፣ ከነቤቱ፣ ከነኮረብታው እንደዚያ ነው የሚሉት) ባቡሮቹን ከሁለቱ ጫፍ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች የሚነጋገሩት በቃል ሳይሆን በደወል ነው። የእንግሊዝ ምድር ባቡር ከጣቢያ ጣቢያ ሲነጋገርበት የኖረው ደንብ ነው። አንድ ጊዜ ሲደወል «ስማኝ» ማለት ነው። ያኛው አንድ ደውሎ ይመልሳል። ከዚያ አራት ጊዜ ከተደወለ «ፈጣን የመንገደኛ ባቡር አለኝ፤ መስመሩ ነጻ ነው?» ማለት ነው። ተቀባዩ ከተስማማ አራቱን መልሶ ይደግማቸዋል። ባቡሩ ከዚያኛው ጣቢያ ሲነሳ ሁለት ጊዜ ይደወላል። ቀጥሎ ከፊትዎ ያለው የምልክት ክንድ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ ሲቆምም እንደ እውነተኛው ሽቦ የሚስበው ክንድ ትንሽ ንቅንቅ ይላል። ከዚያ ነው ባቡሩ ብቅ የሚለው። አራቱን ደወል ሰምታችሁ ልጅዎ «ፈጣኑ ሊመጣ ነው!» ካለና በእርግጥም ከመጣ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አባትዎም ባቡር መንገድ ላይ ከመልቀቅ በፊት ፈቃድ የመጠየቅን ነገር ሳያወሩልዎ አልቀሩም። ሁለት ባቡር በአንድ መስመር እንዳይገናኝ የሚደረገው ጥንቃቄ የትም አገር ያው ነው።

የፉርጎ ማያያዣውንም ልብ ይበሉ። የሱቁ ሞዴል ትልቅ የፕላስቲክ መንጠቆ አለው። እዚህ ግን እንደ እውነተኛው ባለ ሦስት ቀለበት ሰንሰለት ያያሉ። ሰውየው በትንሽ ባትሪ እያበራ፣ ጫፉ በተቆለመመ ሽቦ ቀለበቱን አንስቶ መንጠቆው ላይ ያኖረዋል። እጅ የማይንቀጠቀጥ ሰው ይፈልጋል። በመሃል ላይ ግዙፍ የሰው እጅ ሲገባ ትዕይንቱን ይረብሻል የሚሉ ሰዎች ደግሞ አሌክስ ጃክሰን የሚባለውን ማያያዣ ይመርጣሉ። ከቀጭን የብረት ሽቦ የተሠራ ነው። ከሐዲዱ ስር የተደበቀ ኤሌክትሮማግኔት ሲስበው ፉርጎዎቹ ይለያያሉ። ሎኮሞቲቩ ፉርጎውን ጥሎ፣ ማንም ሳይነካው ብቻውን ሲመለስ ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም።

እያንዳንዱ ሌይአውት አጠገብ ጽሑፍ ይለጠፋል። ያንብቡት። የት ቦታ እንደሆነ፣ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ፣ አንዳንዴም ወሩን ጭምር ይነግርዎታል። ብዙዎቹ በልብ ወለድ ቦታ ይሠራሉ፤ ዘመናቸውን ግን አይለቁም። በ1923 ብዙዎቹ የእንግሊዝ የባቡር ኩባንያዎች ወደ አራት ተጠቃለሉ፤ በ1948 ደግሞ የመንግሥት ሆኑ። ስለዚህ የፉርጎውን ቀለምና የተጻፈበትን ፊደል ብቻ አይቶ ዘመኑን የሚናገር ሰው ያጋጥምዎታል። 1935ን እሠራለሁ ያለ ሰው ጠረጴዛ ላይ የ1950ዎቹ መኪና ቆሞ ካገኙ ሊነግሩት ይችላሉ። ብዙዎቹ ያመሰግኑዎታል።

በዚህ ሥራ ሁለት ነገር ቢያዩ ብዬ እመኛለሁ። አንደኛው ኮፐንሃገን ፊልድስ የሚባለው ሌይአውት ነው። የሠራው በ1910 የተመሠረተውና ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ብዙም የማይርቅ ቤት ያለው የለንደኑ የሞዴል ባቡር ክለብ ነው። ከኪንግስ ክሮስ በስተ ሰሜን ያለውን የለንደን ሰፈር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል እንደነበረ ያሳያል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ስኬል። ቤቶቹ ወደ ኋላ በራቁ ቁጥር ሆን ተብሎ እያነሱ ይሄዳሉ፤ ሠፈሩ ከጠረጴዛው ስፋት በላይ የተዘረጋ ይመስላል። ሁለተኛው ከኤግዚቢሽን ውጭ ነው። ኦክስፎርድሺር ውስጥ ሎንግ ዊተናም የሚባል መንደር ላይ ፔንደን ሙዚየም አለ። ያቋቋሙት ሮይ ኢንግላንድ የሚባሉ በ1925 ከአውስትራሊያ የመጡ ሰው ናቸው። በዚያ ሸለቆ ያሉት የሣር ክዳን ቤቶች እየፈረሱና እየተለወጡ ሲሄዱ አይተው፣ ሳይጠፉ በሞዴል ላስቀራቸው ብለው ተነሱ። ሥራው እሳቸው ካለፉ በኋላም ቀጥሏል። እዚያ ያሉት ቤቶች በአብዛኛው ከካርቶን የተሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱም እውነተኛ ቤት ተለክቶ ነው የተሠራው። ልጅዎ ኤግዚቢሽኑን ከወደደው ቀጣዩ ጉዞ ወደዚያ ይሁን።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ማኅበራቱ የየራሳቸው ኤግዚቢሽን አላቸው። የስኬልፎር ማኅበር ስኬልፎረም የሚለው አለው፤ የኢኤም ማኅበርም ኤክስፖ ኢኤም የሚለው አለው። ቦታና ቀን ስለሚቀያየር ከመሄድዎ በፊት ከማኅበሩ ድረ ገጽ ያረጋግጡ። የጠዋቱ ሰዓት ለግዢ የመጣ ሰው ይበዛበታል። ሻጮቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድና ሁለት ሰው ያላቸው ትንንሽ ሥራዎች ናቸው። ጎማ ብቻ የሚሠራ፣ ማርሽ ብቻ የሚሠራ፣ ከናስ ዝርግ የተቀረጸ ፉርጎ የሚሸጥ አለ። ሁሉም ካርድ ላይቀበል ስለሚችል ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ከሰዓት በኋላ ግርግሩ ይቀዘቅዛል፤ ሠሪዎቹም ለወሬ ጊዜ ያገኛሉ። እኔ ብሆን ለረጅሙ ጉብኝት ያንን ሰዓት ነው የማስቀምጠው።

ሁሉን ለማየት አይሯሯጡ። አንዴ ዞር ብለው ይቃኙ፤ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ይምረጡና እዚያው ይቁሙ። የጀርባ ቦርሳ አውልቀው በእጅ ይያዙ፤ ዞር ሲሉ የወራት ሥራ ሊገረስስ ይችላል። አጥሩ ላይ አይደገፉ። ፎቶ ማንሳት ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም፤ ፍላሽ ግን ጠይቀው ይሁን። መንካት በፍጹም። ልጅዎ ትንሽ አጠር ካለ የትኛው ሌይአውት ዝቅ ያለ እንደሆነ ይፈልጉ፤ አንዳንዶቹ የተሠሩት ለትልቅ ሰው ዓይን ከፍታ ነው።

ለልጁ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማሳያ ጠረጴዛው ነው። ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ሰው እያያቸው ይሠራሉ። አንዱ በካውያ ናስ ይበይዳል፤ አንዱ መገንጠያ ይገጣጥማል፤ አንዱ አዲስ ፉርጎ ላይ የዝገትና የጥላሸት ቀለም እየቀባ ያስረጀዋል። እዚያ መጠየቅ ነውር የለውም። የተቀመጡት ለዚሁ ነው። ዝም ብለው «ጎበዝ ነህ» ካሏቸው አመስግነው ዝም ይላሉ። «ይህንን ለምን በዚህ መንገድ አደረግኸው?» ካሏቸው ግን ወንበር ይስቡልዎታል። ጥሩ ጥያቄ የሚባለው ምን እንደተጠቀሙ ሳይሆን መረጃውን ከየት እንዳገኙ የሚጠይቅ ነው። የድሮ ፎቶ፣ የኩባንያ ንድፍ፣ ሜትር ይዞ ቦታው ድረስ መሄድ፤ ከአንዱ የሰሙት ለመጨረሻው ጥያቄዎ ስንቅ ይሆንዎታል።

የለገሃሩ ባቡር ይሠራል ወይ? ይሠራል። ግን ሐዲዱ ሌላ ስለሆነ ሒሳቡም ሌላ ነው። 784 ኪሎ ሜትር የነበረው የድሮው የጅቡቲ መስመር፣ ድሬዳዋን በ1902 ወልዶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። አዲሱ መስመር ነው 1435 የሆነው። አንድ ሜትርን ለ76.2 ሲያካፍሉ 13.12 ሚሊ ሜትር ይመጣል። እንዲህ ያለ ሐዲድ ሱቅ አያገኙም፤ በእጅ መሥራት ነው። በ1 ለ87 ግን 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለዚህ የቀረበ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በገበያ አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው የተራራ መስመሮች ስላሉ ቤሞን የመሰሉ አምራቾች በዚህ መጠን ሎኮሞቲቭና ሐዲድ ይሠራሉ። 12ን በ87 ሲያባዙት 1044 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 44 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚስተው፤ ከኦኦ ስህተት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሌላም መንገድ አለ። ብዙ ሰው በጓሮው የሚዘረጋው ትልቁ የኤልጂቢ ባቡር ሐዲዱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ስኬሉ 1 ለ22.5 ነው። 45ን በ22.5 ሲያባዙት 1012 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ መጀመሪያውኑ የታሰበው ለአንድ ሜትር መስመር ስለነበረ ነው። ለልጅ እጅ የሚመች መጠንም ነው።

እኔ ግን ለመጀመሪያ ሥራ 1 ለ87ን እመክራለሁ፤ ያውም ሎኮሞቲቭ ሳይሆን አንድ ፉርጎ። አካሉን ከፕላስቲክ ዝርግ ወይም ከካርቶን ራስዎ ይሠራሉ፤ ጎማውን ተዘጋጅቶ ይገዛሉ። የድሬዳዋ ጣቢያ ሙሉው ይቆይ። ሊቶሪናውም፣ በራሱ ሞተር የሚሄደው የመንገደኛ ባቡር፣ ይቆይ። አንድ ፉርጎ በልኩ ከተሠራ ሁለተኛው ቀላል ነው።

ችግሩ መሣሪያ ወይም ገንዘብ አይደለም። ችግሩ ልኩን ማግኘት ነው። የእንግሊዝ ፉርጎ ንድፉ ታትሞ ይሸጣል። የኛው ግን ያለው በአሮጌ ፎቶ፣ በአሮጌው ጣቢያ በቆሙት ፉርጎዎችና በነአባትዎ ትዝታ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከኤግዚቢሽኑ በፊት ቤት ይደውሉ። አባትዎ በሕይወት ካሉ፣ ከሌሉም የሥራ ባልደረቦቻቸውን፣ አልበም ውስጥ ያለ የባቡር ፎቶ ካላቸው በስልክ አንስተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ፎቶው ላይ ከፉርጎው ጎን የቆመ ሰው ካለ እሱ ራሱ ሜትር ነው። የሰውየው ቁመት ከታወቀ የፉርጎውን ቁመት ማስላት ይቻላል። ድሬዳዋ ያለ ዘመድ ከተገኘም ከጣቢያው ፈቃድ ጠይቆ አንዱን ፉርጎ በሜትር ይለካ። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ከሐዲዱ እስከ ጣሪያው ያለውን ከፍታ፣ በሁለቱ አክሰሎች መካከል ያለውን ርቀት፣ የጎማውን ስፋት ከዳር እስከ ዳር። ቁጥሩ የተጻፈበትን ቦታና የፊደሉን ቁመትም አይርሳ።

እነዚህን ልኬቶች በወረቀት ይዘው ጠባብ ሐዲድ ከሚሠሩት ሰዎች ጠረጴዛ ይሂዱና «ይህንን በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ እንዴት ልጀምረው?» ብለው ይጠይቁ። የትኛውን ጎማ እንደሚገዙ፣ የፕላስቲኩ ዝርግ ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው እዚያው ይነግሩዎታል። ወረቀቱን ለልጅዎ ይስጡት፤ ጠያቂው እሱ ይሁን።